እንድትጠየቁ ኑሩ፣ ስትጠየቁ መልሱ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በአቃቂ፣ በቃሊቲና በገላን ፋብሪካዎች ሂሳብ ክፍል አሳልፌ አሁን በጡረታ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በቅርቡ ሥራ የያዛችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች፣ «እትዬ፣ በመሥሪያ ቤትና በሰፈር ለማያምኑ ሰዎች ስለ ክርስቶስ እንዴት ብለን እንናገር?» ብላችሁኛል። ስትጠይቁኝ የብዙዎቻችሁ ሐሳብ ያለው ወሬ አከፋፈቱ ላይ ነበር፤ ምን ብለን እንጀምር፣ የትኛውን ጥቅስ እናስቀድም፣ ቢከራከሩን ምን እንበል። ወደዚያ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ደመወዝ ልናገር።

ከአንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሁለቱም ለጡረታ ፈንዱ ገቢ መሆን አለባቸው። አንድ አሠሪ አውቃለሁ። አማኝ ነው፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛውን ሰብስቦ ያስጸልያል፣ ቃል ያካፍላል። የሠራተኛው 7 በመቶ ግን ከፔሮሉ ላይ እየተቆረጠ፣ ገቢ ሳይደረግ ለወራት ጥሬ ዕቃ ይገዛበት ነበር። እዚያ የሚሠራ አንድ የማሽን ኦፕሬተር፣ እምነት የሚባለውን ነገር ከተወ የቆየ ሰው፣ ስለ ክርስቶስ ሲነገረው «ጌታችሁን አልጠላሁትም፤ የጡረታ ብሬ የት እንደገባ ግን እሱን የሚፈሩት ሰዎች ይንገሩኝ» አለ። ይህን ሰው የሚረታ ጥቅስ ብትፈልጉ አታገኙም። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር የሚናገረው ለኦፕሬተሩ ሳይሆን ለአሠሪው ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደገባ ጽፏል።

እናንተ ገና አሠሪ አይደላችሁም። የእናንተ ፈተና ከዚህ ያነሰ ይመስላል፤ እኔ ግን አንሶ አላየሁትም። ግዥ ክፍል የገባው ልጅ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጣ ሲባል ሦስቱንም ከአንድ ሱቅ አሠርቶ ይመጣል። ሌላው መስክ ሳይወጣ አበል ያወራርዳል። ሌላው ያለ ደረሰኝ ከገዛህ 15 በመቶው ታክስ ይቀርልሃል ሲሉት ይስማማል። አገር ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ እኛም ስናደርገው ማንም ልብ የማይለው ይመስለናል። ልብ ይላል። የማያምነው የሥራ ባልደረባችሁ፣ ራሱ እያደረገው እንኳ፣ እናንተ ስታደርጉት ለይቶ ያያል፤ እሑድ የት እንደምትውሉ ያውቃልና። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ መሞላታቸውን ካየ በኋላ ስለ እውነት ብትነግሩት በምን ጆሮው ይስማችሁ?

እምቢ ስትሉም አኳኋኑ ይታሰብበት። ጽድቃችሁን ለማሳየት እምቢ የምትሉ ከሆነ ጓደኛችሁን አዋርዳችሁት ትሄዳላችሁ። «እኔ እዚህ ላይ አልፈርምም፤ በደንቡ እንዴት እንደምንጨርሰው ግን ና አብረን እንየው» ብሎ ወንበር ስቦ አብሮት መቀመጥ ይቻላል። ያን ቀን የሚያመሽባችሁ ከሆነ አምሹ። ሥራችሁንም እወቁት። ለጸሎት ፕሮግራም ብሎ ከሥራ ሰዓት ላይ የሚቀንስ፣ ጎበዝ ዘማሪ ሆኖ የወር መዝጊያ ሂሳቡን ሌላ ሰው የሚጨርስለት ወጣት፣ የምስክርነቱን ዋጋ ለሥራ ጓደኛው እያስከፈለ ነው።

ከደመወዝና ከደረሰኝ የጀመርኩት ሙያዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በጽሕፈትና በሂሳብ ሹም እጅ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደተረከው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከጢሮስ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ የተሳፈሩበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠቅቶ አብረዋቸው የነበሩት ሲገደሉ ሁለቱ ተማርከው ለንጉሡ ተሰጡ። ኤዴስዮስ የመጠጥ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ አስተዋይ ሆኖ ስለተገኘ የንጉሡ ገንዘብና ጽሕፈት በአደራ ተሰጠው። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ነበር፤ ንግሥቲቱም ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመምራት እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚያ ሥልጣኑ ላይ ሳለ ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ ይረዳቸው ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና አምኖ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት በመስቀል የለወጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ የወንጌላውያን ልጆች ይህን ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ አድርገን እንተወዋለን፤ አይገባም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ የሁላችንም አባት ነው። ከመስበኩ በፊት አደራ ተቀብሎ አደራውን የጠበቀ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ጎን ልምጣ። ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «እንግዲያው ሕይወቴ ይስበክ፣ እኔ ዝም ልበል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከአፋርነትም ይሁን ከፍርሃት። አልስማማም። ዝም ብላችሁ መልካም ብትሠሩ ሰው የሚያመሰግነው እናንተን ነው፤ «አስተዳደጉ ነው»፣ «ደግ እናት አሳድጋዋለች» ይላል፣ ከዚያ አያልፍም። የሚያየው መልካምነት ከየት እንደመጣ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «ያለ ሰባኪስ እንዴት ይሰማሉ?» ብሎ የጠየቀው መልካም ኑሮን ንቆ አይደለም። ክርስቶስ ለኃጢአተኛ ሞቶ ተነሣ የሚለው ነገር በፈገግታና በታማኝነት ብቻ አይተላለፍም፤ በቃል የሚነገር ዜና ነው።

ለአነጋገሩ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። መጽሐፉ ኢትዮጵያዊ የሚለው፣ በንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነው ጃንደረባ (እሱም የገንዘብ ሹም እንደነበረ ልብ በሉ) በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት፣ መጀመሪያ የሚያነበውን ሰማ፣ ከዚያ ጠየቀ፦ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሰውየው ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም ከዚያው ከሚያነበው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መቅረብ፣ መስማት፣ መጠየቅ፣ ሲጋበዙ መቀመጥ፣ ሰውየው ካለበት መጀመር። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራሉ።

ሰርቪስ ውስጥ አጠገባችሁ የምትቀመጥ ልጅ «እግዚአብሔር ቢኖር ኖሮ ወንድሜ እንደዚያ አይሞትም ነበር» ብትላችሁ፣ የእግዚአብሔርን መኖር ለማስረዳት አትቸኩሉ። ስለ ወንድሟ ጠይቋት። ስሙን ጠይቁ። ከገላን እስከ ሳሪስ ያለው መንገድ ሲዘጋጋ ረጅም ነው፣ ትንገራችሁ። በሌላ ቀን «አንተስ እንዴት ታምናለህ?» ብላ ከጠየቀች ያን ጊዜ ከራሳችሁ ተነሥታችሁ፣ በምን እንዳመናችሁ፣ ማን እንደሆነ የምታምኑትን፣ አጭር አድርጋችሁ ንገሯት። የማታውቁትን «ይህን አላውቀውም» በሉ። ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ እንድናዘጋጅ ካዘዘ በኋላ «በየዋህነትና በፍርሃት» ይሁን ያለውን ግማሹን ብቻ የምንይዝ ብዙ ነን።

ስለ ሌላ ሰው ሃይማኖት ክፉ አትናገሩ። አሁን በቲክቶክና በፌስቡክ አንዱ የሌላውን ታቦት፣ አንዱ የሌላውን ነቢይ እየሰደበ «እውነትን እየመሰከርኩ ነው» የሚልበት ዘመን ነው። ያን ቪዲዮ የምታጋሩ ልጆች፣ እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። አጠገባችሁ የምትሠራው ሙስሊም እህት ሶላት ስትሄድ የአገልግሎት መስኮቷን ያዙላት፤ በረመዳን እፊቷ ምሳ አትዘርጉ። መስቀል ተሳልማ የምትውለውን ኦርቶዶክስ እናት «አላመንሽም» ብላችሁ ወሬ የምትጀምሩም አላችሁ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት አየዋለሁ። ከእሷ የሚማሩት ጸሎትና ጾም ይኖራል።

አንድ ቀን አለቃ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ አለቃ «ነይ ቤተ ክርስቲያን» ሲል ለበታቹ ግብዣ ብቻ አይደለም፤ ዕድገቷና የኮንትራት እድሳቷ በእሱ እጅ ነው። እንዲህ ተጠርቶ የመጣ ሰው በምን ምክንያት እንደመጣ ራሱም አያውቀውም። ችግረኛንም እንዲሁ። ለተራበ ዘይትና ዱቄት ስጡ፣ በደንብ ስጡ፤ መቀበያ ሰልፉን ግን የስብከት አዳራሽ አታድርጉት።

ወደ ሰፈር ልመለስ፤ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር እንደ መሀል ከተማው አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተቀመጥነው ከየቦታው በዕጣ የተሰባሰብን ነን፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በዕድር ነው። የእኛ ወጣቶች ዕድር አይገቡም፣ «የሽማግሌ ነገር ነው» ይላሉ። ግቡ። ድንኳን ሲተከል ካስማ ያዙ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከሙ፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን አምጡ። የእኛ ብሎክ ዕድር ለሙስሊሞችና ለክርስቲያኖች የተለየ ድስት አለው፤ ልጆቻችን ይህን እንኳ ሳያውቁ ጎረቤታቸውን ሊያስተምሩ ያስባሉ። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ደግሞ አትስበኩ። ሐዘንተኛው የሚሸሽበት የለውም። ተቀመጡ፣ አልቅሱ፣ ሦስተኛው ቀን ካለፈና ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እንደገና ሂዱ። ጥያቄ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ በኩል ያሉትንም አትርሷቸው። ሰፈራችን ከመሠራቱ በፊት በዚህ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች አሁን ከመካከላቸው ዘበኛ የሆነ፣ ቀን ሥራ የሚሠራ አለ። ከእነሱ ጋር ለመነጋገር «አካም ጅርቱ» ከማለት ያለፈ አፋን ኦሮሞ ተማሩ፤ ቢያንስ የሰላምታውን፣ የለቅሶውን፣ የገበያውን። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት፣ ሰው ዜናውን በእናቱ ቋንቋ መስማት አለበት ብሎ ነው። ሁለቱም በባርነት ውስጥ ያለፉ ናቸው። ለተወለዱበት ሕዝብ ይህን ያህል ከለፉ እኛ ለጎረቤታችን ሰላምታ መማር አይከብደንም።

የድምፅ ማጉያውንም ነገር ላንሣ። አዳራሻችን ከሰው መኝታ ቤት ጋር በግድግዳ ይለያል። ሌሊቱን ሙሉ እስፒከር ከፍተን ስናድር የምጥ ሕመምተኛ አለች፣ ንጋት ላይ ተነሥቶ ሥራ የሚገባ አለ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ አለ። ድምፁን ቀንሱ ብሎ የመጣን ጎረቤት «ጠላት ላከው» አትበሉት። ይቅርታ ጠይቃችሁ ቀንሱለት።

ብዙ ሰው ነግራችሁት አይቀበልም። ያልተቀበላችሁን ሰው ሰላምታ አትቀንሱበት። ልጁ ሲመረቅ ሂዱ፣ ሲታመም ጠይቁት፤ ወዳጅነታችሁ እንዲያምን የተያዘ ቀብድ መሆኑን ካወቀ እስካሁን ያደረጋችሁለት ሁሉ በፊቱ ይረክሳል። እሱን መለወጥ የእናንተ ሥራ አይደለም፣ የመንፈስ ቅዱስ ነው።

የተቀበለውን ደግሞ ወዲያው ከቤተሰቡ አትንጠቁት። እናቱን ራሱ ይንገራት፣ በጊዜው፣ በራሱ ቃል፤ እናንተ በስልክ አትንገሯት። በበዓል ቀን ከማዕዷ እንዲቀር አትምከሩት፣ በየወሩ የሚልክላትን ብር እንዳያቋርጥ ግን ምከሩት። ፍሬምናጦስ ንጉሡ ካደገ በኋላ አገሩ ከመመለስ ይልቅ እስክንድርያ ወርዶ፣ እዚህ ያሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ሊቀ ጳጳሱን አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ መለሰው። ለእናንተም አንድ ሰው አምኛለሁ ሲላችሁ ማን ያስተምረዋል፣ ከማን ጋር ይጸልያል፣ ቤቱ ሲቆጡት የት ያድራል የሚለው ከዚያች ቀን ጀምሮ የእናንተ ጣጣ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ለእሱ ክፍት ማድረግ የማትችሉ ከሆነ፣ የሚችል ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት አሁኑኑ ፈልጋችሁ አስተዋውቁት።