ግፊቴ ሲወርድ መድኃኒቱን ተውኩት፤ አሁን ለሐኪም ለመናገር አፈርኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ደሴ ነው የምኖረው። የ46 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ዓምና የደም ግፊት አለብሽ ተብዬ አምሎዲፒን ታዘዘልኝ። አንድ ወር ወስጄ ስለካ «አሁን ጥሩ ነው» ተባልኩ። እኔም ዳንኩ ብዬ ተውኩት። በቀደም የእህቴ ልጅ የተረፈውን ክኒን መሳቢያ ውስጥ አገኘችው፣ የነርስ ተማሪ ናት። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ አይቋረጥም» ስትለኝ ክው አልኩ። በዚያው ሰሞን ልጄን ነስሮት «ቀና በል» ስለው «ኧረ ወደ ፊት ነው ጎንበስ የሚለው» አለችኝ። ቁስል ላይ የካፕሱል ዱቄት መነስነስም ልክ አይደለም አለች። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህን አለማወቄ በጣም አሳፈረኝ። የተረፈውን መድኃኒት ራሴ ልጀምረው? ሐኪሜ ጋ ብመለስ ይቆጣኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ሌላስ የማላውቀው ምን ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። እንዲህ ያደረጉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ብዙ ሰው ግፊቱ ሲወርድ መድኃኒቱን ይተዋል። ለምን እንደሆነም ይገባኛል። አብዛኞቻችን መድኃኒትን የተዋወቅነው በወባ፣ በአሜባ ወይም በቶንሲል ነው። ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ኮአርተሙን 3 ቀን ይውጣል፣ በቃ፣ ተገላገለ። ቶንሲል ያመመው ልጅ አሞክሳሲሊኑን ይጨርሳል፣ በቃ። ስለዚህ መድኃኒት ማለት ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ነው ብለን ይዘነዋል። ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ግን እንዲህ አይደሉም። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩዎትም። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይም «በቀን 1 ጊዜ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ተሰጥቶዎት፣ ከኋላዎ ሰልፍ እየጠበቀ፣ ሌላ ምንም ሳይባሉ ወጥተው ይሆናል።

ያን ቀን ግፊትዎን ጥሩ ያደረገው መድኃኒቱ ነው። አምሎዲፒን የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላል። ሥሩ ሲሰፋ ግፊቱ ይወርዳል። ክኒኑ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ፣ ካቆሙት በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲለኩም «ይኸው ያለ መድኃኒትም ደህና ነኝ» ሊያሰኝ ይችላል፣ ከዚያ ግን ግፊቱ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ይመለሳል። መነጽር ያደረገ ሰው ጽሑፉ ጠራልኝ ብሎ መነጽሩን አይጥልም። የግፊት መድኃኒትም እንደዚያው ነው።

ክፋቱ፣ ግፊት ሲመለስ ድምፅ አያሰማም። «ራሴን አያመኝም፣ ስለዚህ ግፊቴ ደህና ነው» የሚለውን ነገር ከስንት ሰው እንደሰማሁት! የላይኛው ቁጥር 170 ሆኖ ሰኞ ገበያ ሲዞር የሚውል፣ ዳገት የሚወጣ፣ እየሳቀ የሚጫወት ሰው አለ። ምንም አይሰማውም። ግፊቱ ግን በዓመታት ውስጥ ልብን ያደክማል፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል፣ የአንጎልን ደም ሥር ይዘጋል ወይም ያፈነዳል። አንዳንዱ ግፊት እንዳለበት የሚሰማው ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ ከሰነፈ በኋላ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ መከላከል ይቻል ነበርና።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የተረፈውን በራስዎ አይጀምሩት። አንድ ዓመት አልፏል፣ ክኒኑ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ ግፊትዎ ስንት እንደሆነም አይታወቅም። በዚህ ሳምንት ሄደው ይለኩ። አለካኩ ራሱ ወግ አለው። ደሴ መቼም ዳገት ናት፣ ከፒያሳ ሽቅብ እያለከለኩ ወጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ ቢለኩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይረፉ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን ወንበሩ ላይ ያስደግፉ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ ክንድዎ በልብዎ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ እየተለኩ አያውሩ። ወፍራም ሹራብ ላይ መለካት አይሆንም፤ ብርድ ቢሆንም እጅጌዎን ያውልቁ። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ እንዲለካዎት ይጠይቁ። በተለያየ ቀን ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ እንላለን።

180 በ120 ደርሶ ወይም አልፎ፣ ደረት ላይ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ግን ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህ ምልክቶች ግፊቱ ሳይለካም ቢመጡ እንዲሁ ነው።

ሐኪሙ ይቆጣኛል ላሉት፣ እባክዎ እዚህ ላይ በደንብ ይስሙኝ። «መድኃኒቱን አንድ ወር ወስጄ አቁሜዋለሁ» የሚለውን ገና ሲገቡ ይናገሩ። ለምን መሰለዎት? እየወሰድኩ ነው ብለው ቢደብቁና ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል ወይም ሁለተኛ ይጨምርበታል። እርስዎ ደግሞ ቤትዎ ገብተው፣ በድንጋጤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጀምራሉ። ያኔ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ወርዶ ሊያዞርዎት፣ ሊጥልዎትም ይችላል። ቢቆጣዎት እንኳ ቁጣው ያልፋል፣ በተሳሳተ መረጃ የታዘዘ መድኃኒት ግን ቤትዎ ድረስ ይከተልዎታል። ሲወጡ ደግሞ ሦስት ነገር ሳይጠይቁ እንዳይወጡ፦ ግፊቴ ስንት ላይ መቆየት አለበት? መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ምን ላድርግ? መቼ ልመለስ? ጤና ጣቢያው ቢጨናነቅም እነዚህን ለመመለስ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ያቆሙት እግርዎ አብጦ ከሆነም ይናገሩ። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ ኢናላፕሪል የሚባለው ሌላው የግፊት መድኃኒት ደግሞ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሁለቱም ሊቀየሩ ይችላሉ። ዋጋው ከብዶዎት ከሆነም አይፈሩ፣ ይህም የሕክምናው ጉዳይ ነው፣ ረከስ ያለ አማራጭ ሊኖር ይችላል። የረመዳን ወይም የዐቢይ ጾም ሲመጣ ክኒኑን ጾሙን ሙሉ የሚተው ሰው በሁለቱም በኩል አለ፤ ብዙዎቹ የግፊት ክኒኖች በቀን አንዴ ስለሚወሰዱ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ብቻ ሐኪምዎን ያማክሩ። ክብደት ቀንሰው፣ ጨው ቀንሰው፣ በእግር እየሄዱ የመድኃኒቱ መጠን የሚቀነስላቸው፣ ጥቂቶቹም በክትትል የሚያቆሙ አሉ። ውሳኔው ግን እየተለካ ከሐኪም ጋር ነው እንጂ አንድ ጥሩ ቁጥር ታይቶ አይደለም። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፤ በሻይ ማንኪያ ልክ አንድ ይሆናል፣ ወጡም ሚጥሚጣውም ውስጥ ያለው ተደምሮ ማለት ነው። ደግሞ ለወገብና ለጉልበት እያሉ ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ የሚውጡ ከሆነ ያቁሙት፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ስለ ነስሩ ልጅቷ ልክ ናት። ቀና ሲሉ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ሆድ ገብቶ ያስታውካል፣ ትንፋሽም ሊያንቅ ይችላል። ልጁን ያስቀምጡት፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጎ ይያዝና በአፉ ይተንፍስ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ። ቆመ አልቆመም እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ ነው የሚያስቸግረው። ግማሽ ሰዓት ሞልቶት ካልቆመ ወደ ሕክምና።

የካፕሱሉ ነገር ትንሽ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም በየቤቱ አለ። አምፒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይከፈትና ዱቄቱ ቁስል ላይ ይነሰነሳል። ዱቄቱ ለመዋጥ የተሠራ ነው፣ ቁስል ላይ ሲደረግ ከደሙ ጋር ይጋገራል። ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ከሥር መግል ሊቋጥር ይችላል፣ ሕክምና ሲመጡ እኛም ቁስሉን ለማየት እንቸገራለን። አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ስለሆነ፣ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ቆዳው ይቆጣበታል። ጀርሞቹም መድኃኒቱን እየለመዱ፣ በኋላ ሳንባ ምች ሲመጣ መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። ለተራ ቁስል የሚያስፈልገው ብዙ ንጹሕ ውሃና ሳሙና ነው። በደንብ ያጥቡት፣ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ያቁሙ፣ በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑ። ጥልቅ ከሆነ፣ አፉ ከተከፈተ፣ አፈር ወይም የዛገ ብረት ካለበት፣ ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ይጠይቁ።

ውሻ ከነከሰ ግን ቁስሉ ትንሽ ናት ተብሎ አይታለፍም። 15 ደቂቃ ሙሉ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በዚያው ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ወደሚገኝበት ይኬድ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ ግን ቶሎ ከተጀመረ ያድናል። መጀመሪያ ባህል ሐኪም ጋ ልሞክር እያሉ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ሌላስ የማላውቀው ምን ይኖራል ላሉት፣ ብዙ አለ፣ ሁላችንም ጋ አለ። ለደሴ ሰው አንድ ልምረጥ ከተባልኩ ግን የከሰልን ነገር እመርጣለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እናም ምድጃው መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል። አብዛኛው ሰው የሚጎዳው ጭሱ ስለሚመስለው «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» ይላል። ይህ ስንት ቤተሰብ ያስተኛ ስሕተት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ጥርት ብሎ ከቀላው ፍም ይወጣል። ሳንባ ሲገባ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው እያንቀላፋ ስለሚሄድ ተነስቶ በር የመክፈት አቅም እንኳ ያጣል።

ስለዚህ ክፍሉን ቀድመው ያሙቁ፣ ከመተኛትዎ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ያውጡት። ማታ ከምድጃ ይልቅ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደራርቡ። ቡና ሲፈላም በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ባለበት ቤት። ጠዋት ሁላችሁም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደንዘዝ ይዟችሁ ከተነሳችሁ፣ ውጭ ስትወጡም ከቀለላችሁ፣ ማታ የበላችሁትን ምግብ አትጠርጥሩ፣ ከሰሉን ጠርጥሩና ወደ ሕክምና ሂዱ። ራሱን የሳተ ሰው ካገኙ በሩንና መስኮቱን ይክፈቱ፣ ቶሎ ጎትተው ወደ ውጭ ያውጡት፣ እርስዎም ውስጥ አይቆዩ። ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አያድርጉ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ ያስተኙትና ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ያድርሱት፣ በመንገድ ላይ ቢነቃም ከመታየት አይቅር።