ጨረቃ ላይ ያለችው ጥንቸል

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። የ7 አመቷ ልጄ የቻይና ካርቱን አይታ "እማ ጨረቃ ላይ ጥንቸል አለች?" እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። እኔ የማውቃት ጥንቸል እናቴ ቡና እያፈላች የምታወራልንን፣ አንበሳውን ጉድጓድ የከተተችዋን ብቻ ነው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ አለች በያት። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ለት ማታ ብቅ ስትል ይዘሻት ውጪና ወደ ምስራቅ ዙሩ። ጠቆር ጠቆር ያለው ነገር ድሮ ቀልጦ ፈሶ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፣ ግን ረጋ ብላችሁ ካያችሁት ከላይ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ሁለት ጆሮዎች፣ ከስራቸው ጭንቅላት፣ ከዛ ወደ ታች ሰፋ ያለ ገላ ይታያችኋል። ንጋት ላይ ጨረቃ በምዕራብ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ስትገባ ደሞ ጥንቸሏ ተገልብጣ ጆሮዋ ቁልቁል ይሆናል።

ቻይኖቹ እዛ ላይ ሆና የማያስሞት መድሀኒት ትወቅጣለች ይላሉ፣ ጃፓኖቹ ደሞ የለም ሩዝ ነው የምትወቅጠው ባይ ናቸው። እኔን ሁሌ አንጀቴን የሚበላኝ ግን የህንዶቹ የቡድሃ ተረት ነው፤ አንድ የራበው እንግዳ ይመጣል፣ ጦጣ ማንጎ ስታቀርብለት ጥንቸል ከሳር በቀር ምንም የላትምና እሳት አንድድ ትለውና ራሷን ልትሰጠው ወደ እሳቱ ትዘላለች፣ ከመዝለሏ በፊት ግን ፀጉሯ ውስጥ ያሉት ተባዮች አብረዋት እንዳይቃጠሉ ብላ ሰውነቷን ሶስቴ አራገፈች! እሳቱም አልነካት፣ ለካ እንግዳው ከሰማይ የመጣ ኖሮ ስእሏን ጨረቃ ላይ ሳለላት። እንግዳ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ወሎዬ ይሄ ተረት ሩቅ አይደለም።

የእናትሽም ተረት እኮ ህንድ አገር አለ፣ ጥንቸሏ አንበሳውን ጉድጓድ ውሀ ውስጥ የራሱን መልክ አሳይታ ሌላ አንበሳ ነው ብላ ያስገባችው፣ እና ሁለቱንም ጎን ለጎን አውሪላት፣ የብልሀቷንም የደግነቷንም።

ልጅሽ ስእል ከወደደች ደሞ ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በፈረንጆቹ 1502 የሳላትን ጥንቸል ስልክሽ ላይ ፈልጊላት፣ ስእሉ ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ነው ያለው። ፀጉሩን አንድ በአንድ ነው የሳለው፣ ዙም አድርጊና አይኗን እዩት፣ ውስጡ ትንሽዬ የመስኮት ነጸብራቅ አለ፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ብዙ ሰአት ከሱ ላይ አልተነሳሁም። እሷም የሷን ጥንቸል ከሳለች ፎቶ አንስተሽ ላኪልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።