አራት ወር አመላልሰው ኦፈር ለሰጧት እህት

እህቴ የጠየቅሽው ነገር ብዙዎቻችን ያየነው ስለሆነ ትንሽ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ። እንደገባኝ አሁን እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የግል ድርጅት ውስጥ በ12,000 ብር አካውንታንት ነሽ፣ አዘዞ ያለው መስሪያ ቤት ደግሞ የጽሁፍ ፈተና፣ ሁለቴ ኢንተርቪው፣ ዋስ አምጪ ምናምን እያለ አራት ወር አመላልሶሽ፣ ኢንተርቪው ላይ 18,000 ያለውን ኦፈሩ ላይ 15,000 አርጎ "በሶስት ቀን መልስ ስጪ፣ ሰኞ ጀምሪ" ብሎሻል፣ አንቺም ከንዴትሽ የተነሳ ልተወው እንዴ እያልሽ ነው።

በመዘግየቱ ብቻ ከሆነ እኔ አልተወውም። እኔም በፊት የሰራሁበት ድርጅት ፈተናውን የፈተነን ከጥምቀት በፊት ነው፣ ኢንተርቪው የጠሩኝ ፋሲካ ሊገባ ሲል፣ በመሃል ስደውል የምታነሳው ልጅ "እናሳውቅሃለን" ብቻ፣ ኋላ ላይ ስልኬን ስታይ ማንሳቱንም ተወችው። ከገባሁ በኋላ ሳየው ግን እዚህ ጎንደር ያሉት ልጆች ራሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ዋናው መስሪያ ቤት ፊርማ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ስራው ጥሩ ነበር፣ አለቃዬም ጨዋ ሰው።

እዛው ላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ማስታወቂያው የስራ ቦታ ጎንደር ይላል፣ ደብዳቤው ሲመጣ ደባርቅ። ስጠይቅ "ችግር የለውም አንተ ፈርም፣ እናስተካክለዋለን"። አስተካክላችሁ ላኩልኝና ያኔውኑ እፈርማለሁ አልኳቸው፣ ትንሽ አጉረመረሙ ግን ላኩት። አብሮኝ ያለፈው ልጅ ቃላቸውን አምኖ ፈረመና ደባርቅ ቀረ፣ መንገድ ሲዘጋ እዛው፣ ሲከፈትም እዛው፣ ማንም ያስተካከለለት የለም። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ አራት ወሩ ሳይሆን 18ቱ እንዴት 15 ሆነ የሚለው ነው። ሳትቆጪ ጠይቂያቸው። አንዳንዱ የትራንስፖርትና የቤት አበሉን ደምሮ ነው ኢንተርቪው ላይ የሚጠራልሽ፣ እንደዛ ከሆነ አበሉም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። "በኋላ እናያለን" ካሉሽ ግን አታይውም።

ብሩንም በግሮስ፣ ማለትም ታክስና ጡረታ ሳይቆረጥለት፣ አታስቢው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሰራው የገቢ ግብር 15,000 ላይ 3,200 ታክስ ይቆረጣል፣ 7 በመቶ ጡረታ 1,050፣ እጅሽ የሚገባው 10,750 ነው። አሁን ከ12,000 ላይ 8,910 እየወሰድሽ ነው። የ3,000 ብሩ ጭማሪ 1,840 ሆነ ማለት ነው፣ ከዛ ላይ በየቀኑ አዘዞ ደርሶ መልስ ታክሲና ባጃጅ ቀንሺና ምን እንደሚተርፍሽ እይው። 18,000 ቢሆን 12,490 ይደርስሻል፣ ይሄ ሌላ ወሬ ነው።

"ሰኞ ጀምሪ" የሚሉት ነገር ደሞ ይገርመኛል፣ ሰው ስራ ላይ እያለ እየቀጠሩ እንደተቀመጠ ሰው ያስቡታል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስራ የሚለቅ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ነው የሚለው። ዝም ብለሽ ጥለሽ ብትወጪ የአሁኑ ድርጅት ካሳ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ መሸኛና ክሊራንስ ላይም ያንገላታሻል (የስራ ልምድ ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ግን ግዴታ ያለበት ሁሉ በሰዓቱ ቢሰጥማ ኖሮ)። በዛ ላይ አዲሱ ጋ እስከ 60 የስራ ቀን የሙከራ ጊዜ አለ፣ በዛ ውስጥ አልተመቸሽንም ካሉሽ ያለማስጠንቀቂያ ይሸኙሻል። ስለዚህ ደመወዝ፣ የስራ መደብና የስራ ቦታ የተጻፈበት፣ የተፈረመና ማህተም ያለው ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስገቢ፣ የፈለገ ቢያጣድፉሽ።

ዋሱን በተመለከተ፣ ገንዘብ የሚነካ ስራ ስለሆነ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፣ ስንት ብር ድረስ እንደሆነ ግን የሚፈርምልሽ ሰው አንብቦ ይፈርም። ኦሪጅናል ዲግሪሽን እናስቀምጠው ካሉሽ ኮፒውን ስጪያቸው፣ ኦሪጅናሉን አሳይተሽ ይዘሽ ተመለሺ።

እኔ አንቺን ብሆን 18,000ውንና 30 ቀኑን ከተቀበሉ እሄዳለሁ፣ በ15,000 ግን ሙከራ ጨርሼ የተደላደልኩበትን ቦታ አልለቅም፣ የምትለቂበት ሌላ ምክንያት ካለሽ አንቺ ታውቂያለሽ። መልሱን በስልክ እንዳትጨርሺው፣ ሶስቱ ቀን ሳያልፍ በኢሜይል "ፍላጎት አለኝ፣ ደመወዙ ኢንተርቪው ላይ በተነገረኝ ይስተካከልልኝ፣ የምጀምረውም ከ30 ቀን በኋላ ነው" ብለሽ ላኪላቸው፣ ኤችአሯ (የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ) ብትደውልልሽም ያወራችሁትን እዛው ኢሜይል ላይ ጻፊላት።