መልስ፦ ሁሉም ክፍል ሶፍትዌር ካለው ኢአርፒ ለምን?

«መጋዘንም፣ ግዢም፣ ሂሳብም የየራሳቸው ሶፍትዌር ካላቸው ኢአርፒ ምን ይጨምራል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢአርፒ የድርጅቱን ክፍሎች ሁሉ በአንድ ሲስተም የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ክፍሎቹ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ነው።

አንድ ግዢ እንከተል። መጋዘኑ 100 ካርቶን ወረቀት ይጠይቃል። ኃላፊው ያጸድቃል፣ ግዢ ክፍል ያዛል። ዕቃው ሲመጣ ግን 90 ካርቶን ብቻ ሆኖ ይገኛል። የመጋዘን ሠራተኛው ቆጥሮ 90 ብሎ ይመዘግባል። ከአቅራቢው የመጣው ኢንቮይስ ደግሞ 100 ይላል። የኢአርፒ ሲስተሙ የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና ኢንቮይሱን ያስተያያል። አልገጠሙም፤ ስለዚህ ክፍያውን ይይዘዋል። ሦስት ኤክሴል ከፍቶ ማመሳከር የለ፣ ስልክ መደዋወል የለ። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ይህ የሚሆነው ሁሉም ክፍል አንድ ዳታቤዝ ላይ ስለሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አምስት የቀድሞ የአይቢኤም ሠራተኞች ጀርመን ውስጥ የኢአርፒ ሶፍትዌር አምራቹን ሳፕን ሲመሠርቱም ሐሳባቸው ከዚህ የራቀ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የተበላሸ አሠራር ሲስተም ስለገባ አይስተካከልም። አንድ ማጽደቂያ ያለ በቂ ምክንያት አምስት ሰው ጋ የሚዞር ከሆነ፣ ኮምፒውተር ላይም አምስት ሰው ጋ ይዞራል። የዕቃ ዝርዝሩንም አስቀድመው ያጽዱ። «ወረቀት ኤ4» እና «ኤ4 ወረቀት» ተብሎ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ዕቃ ካለ፣ መጋዘኑ ሞልቶ እያለ ሲስተሙ «አልቋል፣ ግዙ» ይላችኋል።