«ማን አስገደዳት?»

ጥያቄ፦ የታላቅ እህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። አንድ ደላላ በመታወቂያ ላይ ዕድሜዋን 22 አስደርጎ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሊልካት ከእናቷ ጋር ተስማምቷል፤ የጉዞው ወጪም ከደመወዟ እየተቆረጠ እንደሚከፈል ነግሯቸዋል። ልጅቷ ራሷ በደስታ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። እህቴን ብቃወማት «ማን አስገደዳት? አንቺንስ ምን አገባሽ?» አለችኝ። ያስገደዳት ሰው ከሌለ ይህ በሕግ ፊት በሰው መነገድ ይባላልን? ስለ ሕፃናት ጥበቃ የሚነገርላቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችስ ለእኛ ቤት ምን ይፈይዳሉ?
አክስት፣ ከደሴ

መልስ፦ «ማን አስገደዳት?» የሚለው ጥያቄ ስለ አዋቂ ሰው የተነሣ ቢሆን ኖሮ ተገቢ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀበለችው፣ በተለምዶ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚባለው ስምምነት፣ በሰው መነገድ ተፈጽሟል ለማለት ሦስት ነገሮች እንዲሟሉ ይጠይቃል። አንደኛው ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው፤ ሁለተኛው ይህ የተደረገው በኃይል፣ በማታለል ወይም የሰውየውን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ መሆኑ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ዓላማው ብዝበዛ መሆኑ ነው። ተጎጂው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ሁለተኛው ነጥብ ከነጭራሹ ይቀራል። ልጅቷ ተገዳለች ወይስ ወዳ ነው የሚለውን ከሳሽ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ የእሷም ሆነ የእናቷ «እሺታ» ደላላውን ነጻ አያወጣውም። በአገራችንም በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚከፋበት አንድ ቃል አለ። ሕጉ የ15 ዓመቷን ልጅ «ሕፃን» ይላታል፤ በአካባቢዋ ዓይን ግን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ቤት የምታስተዳድር፣ ታናናሾቿን ያሳደገች ናት። እህትዎም ልጃቸውን የሸጡ አይመስላቸውም፤ ለቁም ነገር ያበቋት እንጂ። ስለዚህ ሲያነጋግሯቸው ከ«ወንጀል» ከሚለው ቃል ባይጀምሩ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ሦስተኛው ነጥብ፣ የብዝበዛ ዓላማ፣ መታየቱ የግድ ነው። ደላላው «ሥራ ፈልጌላታለሁ፤ ሌላ ምን አጠፋሁ?» ማለቱ አይቀርም። የእርስዎ ደብዳቤ ግን መልሱን በከፊል ይዟል፦ በሐሰት የተጨመረ ዕድሜ፣ ከደመወዝ የሚቆረጥና መጠኑ ያልተነገረ ዕዳ፣ ማንም ዘልቆ በማያየው የሰው ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 182 በዕዳ መያዝን ከባርነት ጋር አንድ ላይ መድቦ፣ እጅግ አስከፊ ከሆኑት የሕፃናት ሥራዎች ቈጥሮታል። ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ቶንጋ ስታጸድቀው አንድም የድርጅቱ አባል አገር አልቀረም፤ ከዚያ በፊት በየትኛውም የድርጅቱ ስምምነት ያልታየ ነገር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ግን በዓለም ላይ ሊሠሩ በማይገባቸው ሥራ የተሰማሩ ሕፃናት 138 ሚሊዮን እንደነበሩ ድርጅቱና ዩኒሴፍ ገምተዋል። ፊርማው ሁሉ ተሟልቶ ቁጥሩ ይህን ያህል መሆኑ፣ ስምምነት በራሱ ማንንም እንደማይዝ ያሳያል፤ የሚያስገድደው መንግሥታትን ነው፤ ሕግ እንዲያወጡ፣ ድንበር ተሻግሮ የሚሸሸውን እንዲይዙ፣ ማስረጃ እንዲለዋወጡ።

መቼ ይሠራል ካሉኝ፣ ከዚያው ከባሕረ ሰላጤው አንድ ምሳሌ ላንሣ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ለረጅም ዘመን የግመል ሽቅድምድም ጋላቢዎች ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሱዳንና ከሞሪታኒያ የሚመጡ ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ ግመሉ ይፈጥናል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ለደላላ አሳልፈው የሰጧቸው ወላጆቻቸው ናቸው። ክልከላው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም በወረቀት ላይ ነበረ፤ የሰማው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ቅጣት ያለው ሕግ ወጣ፤ መንግሥቱ ከዩኒሴፍ ጋር ተፈራርሞ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ልጆችን ወደየአገራቸው መለሰ፤ በግመሎቹ ጀርባ ላይም ትንንሽ ሮቦቶች ተቀመጡ። በእኔ አስተያየት ነገሩን የለወጠው ልጆቹን ይገዛ የነበረው ሰው ልጅ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ለቤት ሠራተኛ ግን እስካሁን ሮቦት አልተገኘም፤ ስለዚህ በእርስዎ ጉዳይ ላይ ደላላውን ማቆም የሚቻለው ልጅቷ ሳትሄድ፣ እዚሁ ነው።

ለዚህ ደግሞ ቍልፉ ዕድሜዋ ነው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 እያንዳንዱ ሕፃን እንደተወለደ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በአገራችን ዘመናዊው የልደት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የእህትዎ ልጅ ከዚያ ቀድመው እንደ ተወለዱት በርካታ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ላይኖራት ይችላል። ደላላው 22 ዓመት መጻፍ የቻለውም «አይደለም» የሚል ወረቀት ስለማያገኝ ይሆናል።

እርስዎ እንግዲህ ይህን ወረቀት ይፈልጉ። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ ካላት እሱ፣ ትምህርት ቤት ስትመዘገብ የተጻፈው ዕድሜ፣ ሁሉም ያገለግላሉ። ደላላውን ብቻዎን አይጋፈጡት፤ የስልክ ቍጥሩን፣ የላካቸውን መልእክቶችና ከተቻለም የአዲሱን መታወቂያ ፎቶ ይያዙና ለፖሊስና ለወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ልጅቷ በዚህ ነገር ተጎጂ እንጂ ተከሳሽ እንዳልሆነች ለእህትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ብዙ እናቶች ዝም የሚሉት ልጃቸው የምትታሰር መስሏቸው ነው። በሐሰት የተሠራውን መታወቂያ ደግሞ ማንም ቀዶ እንዳይጥለው ይጠንቀቁ፤ ደላላው ዕድሜዋን ያውቅ እንደነበር የሚያስረዳው እሱ ነው።