ጋማ ጨረር ማጥናት እንጀራ ይሆናል ወይ? ለአንዲት የፊዚክስ ተማሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ጠያቂያችን፦

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነዎት። ኤስጂአር 1935+2154 ከሚባል ምንጭ የሚነሡ ተደጋጋሚና አጫጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታዎችን ሳተላይቶች እንደሚመዘግቡ ካነበቡ ወዲህ ሐሳብዎ ሁሉ ወደዚያ ሆኗል፤ ቤተሰብዎ ግን «ኮከብ መቁጠር እንጀራ አይሆንም፣ ሶፍትዌር ብትማሪ ይሻልሻል» እያሉ ነው። የጠየቁኝ በዚህ ሙያ መኖር ይቻል እንደሆነ፣ የግድ ውጭ አገር መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ እስከዚያው ድረስም ምን መሥራት እንደሚገባዎት ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለኝ መልስ ብዙም የሚያስደስት አይደለም። ኑሯቸውን በዚህ ጠባብ ዘርፍ ብቻ የመሠረቱ ተመራማሪዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ከዶክትሬት በኋላም ብዙዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በሚቆይ ጊዜያዊ ኮንትራት ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ይቆያሉ። ሁለተኛውን በተመለከተ፣ በአገራችን የጋማ ጨረር መመርመሪያ የተሸከመ ሳተላይት የለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሠራችው መሬትን ፎቶ እንድታነሣ ነበር፤ በእንጦጦ ያሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችም የሚሰበስቡት በዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው። ስለዚህ እስከ ዶክትሬት ለመግፋት ካሰቡ ውጭ መውጣትዎ የማይቀር ይመስለኛል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሰፊና ደስ የሚል መልስ አለው፤ የዚህ ሙያ ዋና ሥራ የሚሠራው ላፕቶፕና ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሁሉ በመሆኑ፣ ዶርም ሆነውም ሊጀምሩት ይችላሉ።

ሥራው ምን እንደሆነ ሳያውቁ መወሰን ስለማይቻል ትንሽ ላብራራው። ምንጩ ማግኔታር ይባላል፤ እጅግ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ያለው ኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም ከፈነዳ ግዙፍ ኮከብ የቀረ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ አካል ነው። ስዊፍት የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 ባገኘው በዚህ ኮከብ ላይ የመስኩ ጥንካሬ 200 ትሪሊዮን ጋውስ ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል፤ የምድራችን መስክ ከአንድ ጋውስ በታች መሆኑን ያስታውሱ። በ3.24 ሰከንድ አንድ ጊዜ በራሱ ዛቢያ ይሽከረከራል። መስኩ የኮከቡን ቅርፊት ሲያስጨንቀውና ሲሰነጥቀው፣ ወይም ከኮከቡ ውጭ ያሉት የመስኩ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲገጣጠሙ፣ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ የሚቆይ ፍንዳታ ይነሣል ተብሎ ይታመናል። ለወራት ጸጥ ብሎ ይቆይና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍንዳታዎችን ያወርዳል።

እንግዲህ ሳተላይቱ የሚያየው ፎቶ አለመሆኑን መጀመሪያ ይረዱ፤ ብዙ ተማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። ከጁን 2008 ጀምሮ ምድርን የሚዞረው ፌርሚ ሳተላይት ጂቢኤም የተባለ መሣሪያ አለው፤ በላዩም 12 የሶዲየም አዮዳይድና 2 የቢስመዝ ጀርመኔት ክሪስታሎች በተለያየ አቅጣጫ ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ ክሪስታል አንድ ዲቴክተር (መመርመሪያ) ነው። አንድ የጋማ ፎቶን ክሪስታሉን ሲመታ ጭላንጭል ብርሃን ይወጣል፤ ኤሌክትሮኒክሱም የደረሰበትን ጊዜ በሁለት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ደረጃና የኃይል መጠኑን ይመዘግባል። ለተንታኙ የሚደርሰው እንግዲህ ረጅም የቁጥር ዝርዝር ነው። ፍንዳታውን መለየት ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወረደ ሳለ የተወረወረን እፍኝ ጠጠር በድምፅ ብቻ እንደ መለየት ነው።

ልዩነቱ የሚሠራው በስሌት ነው። ለምሳሌ አንድ ዲቴክተር በተለመደው ጊዜ በሰከንድ 300 ፎቶን ይቆጥራል እንበል። ጊዜውን በ64 ሚሊ ሰከንድ ቢከፋፍሉት በእያንዳንዱ ክፍል 19 ያህል ቆጠራ ይጠብቃሉ፤ የፖይሰን ሕግ እንደሚነግረን የተፈጥሮ መዋዠቁ የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 4.4 ገደማ ነው፤ ይህ አንድ ሲግማ ይባላል። ጂቢኤም አንድን ነገር እንደ ፍንዳታ ለመቁጠር ብዙውን ጊዜ ከዳራው፣ ማለትም ከተለመደው ቆጠራ፣ በ4.5 ሲግማ መብለጥ አለበት ይላል፤ በእኛ ምሳሌ ቆጠራው ወደ 39 መድረስ ይኖርበታል ማለት ነው። ደግሞም ይህ ቢያንስ በሁለት ዲቴክተሮች ላይ በአንድ ጊዜ መታየት አለበት። ጥብቅነቱ ለምን እንደሆነ ለማየት በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ባለ 64 ሚሊ ሰከንድ ክፍሎች እንዳሉ ያስሉ፦ 1,350,000 ናቸው። ሦስት ሲግማ ይበቃል ብንል ኖሮ በአንዱ ዲቴክተር ላይ ብቻ በየቀኑ ከአንድ ሺህ በላይ የሐሰት ፍንዳታዎች በአጋጣሚ ብቻ ይፈጠሩ ነበር። ይህን አንቀጽ አንብበው «ቀጥል» ካሉ ለሙያው የሚሆን ጠባይ አለዎት፤ ከደከመዎት ግን ደብዳቤዎን ያጻፈዎት የዜናው ድምቀት ሊሆን ይችላልና ከአሁኑ ራስዎን ቢጠይቁ ይሻላል።

ከዳራው የበለጠ ሁሉም ከማግኔታር አይመጣም። የፀሐይ ፍንዳታ አለ፤ ከመብረቅ ጋር ተያይዞ ከምድር ከባቢ አየር የሚወጣ እጅግ አጭር የጋማ ብልጭታ አለ፤ ከደቡብ አትላንቲክ በላይ ደግሞ ቅንጣቶች ስለሚበዙ ሳተላይቱ እዚያ ሲያልፍ ዲቴክተሮቹ ይጠፋሉ። ከዚህም በላይ ጂቢኤም አቅጣጫን የሚገምተው የትኛው ዲቴክተር የበለጠ እንደ ቆጠረ በማነጻጸር ስለሆነ ስሕተቱ ብዙ ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ በሚልኪ ዌይ ጋላክሲያችን የሚታወቁት ማግኔታሮች ደግሞ ሠላሳ ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ በጋላክሲው ወገብ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ስለዚህ «ይህ ፍንዳታ ከ1935+2154 ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከጀርባው ክርክር አለው፦ አቅጣጫው ይስማማል፣ አጭር ነው፣ ኃይሉ በአብዛኛው ዝቅተኛ በሆነው የኤክስሬይ ወገን ነው፣ ስዊፍት በጥቂት ቅስታዊ ደቂቃዎች ትክክለኛነት ያንኑ ቦታ ጠቁሟል። ጂሲኤን በሚባለው የማስታወቂያ መረብ ላይ የሚወጡትን አጫጭር መግለጫዎች ሲያነቡ ጸሐፊዎቹ «ከዚህ ምንጭ ነው» እና «ከዚህ ምንጭ ጋር ይስማማል» የሚሉትን እንዴት እንደሚለዩ ልብ ይበሉ። ለሙያው ሰው ክብሩ ያ ጥንቃቄ ነው፤ በሲቪ ላይ ከሚጻፍ ማዕረግ ይልቅ አሠሪ ፕሮፌሰሮች የሚፈልጉትም ያንኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራዎ ልምጣ። የፌርሚ መረጃ ሁሉ ሄሳርክ በሚባለው የናሳ ማኅደር በነጻ ይገኛል፤ ዜግነት አይጠይቅም፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2020 ይህ ምንጭ በአንድ ምሽት ብዙ ፍንዳታዎችን ያዘነበበት ቀን ነው። የዚያን ዕለት ከዓለም አቀፉ ሰዓት 18፡00 እስከ 19፡00 ያለውን ፋይል ብቻ፣ ለዚያውም የሁለት ዲቴክተሮችን ብቻ ያውርዱ፤ የቀኑን ሙሉ ካወረዱ የኢንተርኔት ጥቅልዎ ያልቃል። በፓይተን ከፍተው በ64 ሚሊ ሰከንድ፣ ቀጥሎም በ4 ሚሊ ሰከንድ ይከፋፍሉት፤ ዳራውን ያስሉ፤ ከዳራው ያለፉትን በሠንጠረዥ ያስፍሩ፤ ከዚያም ተመራማሪዎች ካሳተሙት ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። የእርስዎ ዝርዝር ከእነርሱ ከተለየ ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ለምሳሌ ምድር በመሐል ገብታ ምንጩን የምትሸፍንበት ጊዜ አለ። አስትሮፓይ እና የጂቢኤም ቡድን አባላት ያዘጋጁት ጋማ ሬይ ዳታ ቱልስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሁለቱም ነጻ ናቸው።

በነገራችን ላይ የሰዓት አቆጣጠሩ እኛን የሚያግዝ ባሕርይ አለው፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ሦስት ሲቀንሱ በቀጥታ የኢትዮጵያ ሰዓት ይመጣልዎታል። በጂቢኤም የፍንዳታ መለያ ውስጥ ያሉት የመጨረሻ ሦስት አሃዞች የቀኑን ክፍልፋይ ስለሚያሳዩ፣ 500 የሚል ካዩ በዓለም አቀፉ እኩለ ቀን፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የሁለት ሳተላይቶችን መረጃ ለማስተያየት ሲቀመጡ ግን አብዛኛው የጀማሪ ስሕተት የሚመጣው ከሰዓት ነው።

የተማሪ ሥራ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚሁ ምንጭ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተገለጸው የመጀመሪያው ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታ (ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ብርቱ የሬዲዮ ሞገድ) የተገኘው በ2001 በአውስትራሊያው ፓርክስ ቴሌስኮፕ ተመዝግቦ በተቀመጠ መረጃ ውስጥ ሲሆን፣ መረጃውን ሲያገላብጥ ያየውም በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የቅድመ ምረቃ ተማሪ ነበር። ለዓመታት ምንጫቸው እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ኤፕሪል 28 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 2012፣ ከቀኑ 11፡34 ገደማ ኤስጂአር 1935+2154 ብርቱ የሬዲዮ ፍንዳታ ላከ፤ በካናዳ ቻይም፣ በአሜሪካ ደግሞ ስቴር-2 የተባሉት የሬዲዮ መቀበያዎች መዘገቡት፤ በዚያችው ቅጽበት ኢንቴግራልን፣ ኮኑስ-ዊንድንና የቻይናውን ኢንሳይት ጨምሮ ሳተላይቶች የኤክስሬይ ፍንዳታውን ያዙ። ማግኔታሮች ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታዎችን ሊያመነጩ እንደሚችሉ የታወቀው በዚህ ነው። ለእርስዎ ያለው ትርጉም ተግባራዊ ነው፦ የጋማውን ብቻ ሳይሆን የሬዲዮውንም ወገን የሚያውቅ ተማሪ በር ይሰፋለታል፤ የሬዲዮው ወገን ደግሞ ወደ አፍሪካ ቀርቧል። ደቡብ አፍሪካ 64 አንቴናዎች ያሉት ሚርካት የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አላት፤ ናስፕ የሚባለው አገር አቀፍ የአስትሮፊዚክስ ትምህርት መርሐ ግብሯም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎችን ይቀበላል። እኔ ብሆን ከአሜሪካ በፊት እዚያ አመለክት ነበር።

ቤተሰብዎን በተመለከተ፣ ስለ ገንዘቡ ትክክል ናቸው፣ ፊዚክስን ይተዉ ማለታቸው ግን ትክክል አይመስለኝም። በመጨረሻው ዓመት የትምህርት ክፍል መቀየር ያለፉትን ዓመታት መጣል ነው፤ ከላይ የዘረዘርኩት ሥራ ደግሞ ራሱ ፕሮግራሚንግና ስታቲስቲክስ ነው። በጫጫታ ውስጥ ያልተለመደ ነገርን የሚለይ ሰው ባንክና ቴሌኮም ውስጥ ማጭበርበርን ለመለየትም ይፈለጋል። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታልን የሚያውቅ ሰው በሆስፒታል የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ካለው ጋማ ካሜራ ፊት ሲቀርብ ከቀድሞ ወዳጁ ጋር ይገናኛል፤ የሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ በእኔ ግምት ለእርስዎ ከሁሉ የተሻለ ሁለተኛ አማራጭ ነው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን ቅጥር ማስታወቂያም ይከታተሉ፤ ነገር ግን እዚያ ከሚወጡት ብዙዎቹ ሥራዎች ወደ መሬት ምልከታ እንደሚያደሉ አውቀው ይሁን። ሃርድዌር የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ሳተላይቶቹ እያነሱ መምጣታቸውን ልብ ይበሉ፦ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የመጠቀችው ግሪብአልፋ በየጎኗ አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ ሆኖም በኦክቶበር 2022 የታየውን እጅግ ብርቱ የጋማ ፍንዳታ መዝግባለች።

ናሳ ውስጥ መቀጠርን እንደ ግብ አይያዙት፤ የመንግሥት ቅጥሩ በአብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ከናሳ መረጃ ጋር መሥራት ግን ይቻላል። የማግኔታርን መሽከርከር እ.ኤ.አ. በ1998 ለኤስጂአር 1806-20 ለክተው ንድፈ ሐሳቡን ያጸኑት ክሪሳ ኩቬሊዮቱ ግሪካዊት ናቸው፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአቴንስ፣ ዶክትሬታቸውን በጀርመን ሠርተው ነው የናሳ ማዕከል ወዳለባት ወደ አሜሪካዋ ሃንትስቪል የደረሱት።

ለማመልከት ሲነሡ ቅደም ተከተሉን እንዲህ እመክራለሁ። በጣሊያን ትሪዬስቴ ያለው አይሲቲፒ ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ወጪው የተሸፈነና የንድፈ ሐሳብ መሠረትን የሚያጠናክር ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን፣ ጎን ለጎንም ናስፕን ይሞክሩ። የአሜሪካ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጉት በዲሴምበር አካባቢ ነው፤ ማስተርስ ሳይኖርዎትም ሊቀበሉ ይችላሉ፣ የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሣልዎ በትሕትና መጠየቅም የተለመደ ነው። ለፕሮፌሰር ኢሜይል ሲጽፉ «ከልጅነቴ ጀምሮ ከዋክብትን እወድ ነበር» ከሚለው መግቢያ ይቆጠቡ። በምትኩ የኤፕሪል 27ቱን ሰዓት ግራፍ አያይዘው፣ ስንት ፍንዳታ እንዳገኙ፣ ከታተመው ዝርዝር የትኛው እንዳመለጠዎትና ለምን እንደሆነ በአምስት መስመር ይጻፉ፤ ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ኢሜይሉን ከመላክዎ በፊት ግራፉን ለዲፓርትመንትዎ የስታቲስቲካል ሜካኒክስ መምህር ያሳዩ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ሥራዎን በዓይኑ ያየ መሆን አለበት።