መልስ፦ የገዛሁት የሀበሻ ቀሚስ የሸማኔ ስራ ነው ወይስ ፕሪንት?

ገልብጪውና ጥለቱን ከጀርባው እዪው። የእጅ ጥበብ ከሆነ ክሮቹ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲሻገሩ፣ ጫፋቸውም ሲንጠለጠል ይታያል፤ ፕሪንት ከሆነ ግን ጀርባው ላይ የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው የምታገኚው።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ለማወቅ ደግሞ ከዘርፉ አንድ ክር ምዘዢና ከልብሱ ራቅ አርገሽ ክብሪት ለኩሺበት፣ ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል።

አንድ ነገር ግን ከልምድ ልንገርሽ፣ ድሩ የፋብሪካ ክር ስለሆነ ብቻ ፌክ ነው ብለሽ እንዳትመልሺው፤ ሽሮ ሜዳ ያሉ የዶርዜ ሸማኔዎች ድሩን በፋብሪካ ክር ማጉን በእጅ በተፈተለ ጥጥ መስራት ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው፣ ዚፕና አዲስ ዲዛይን መግባቱም የእጅ ስራነቱን አያስቀረውም፣ እንደውም ወጣቱ እንዲለብሰው ያደረገው እሱ ነው። ፕሪንቱን በሸማኔ ዋጋ ከሸጡልሽ ግን ዝም እንዳትያቸው።